አሥራ ስድስት ተራ በአንድ ሳጥን

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ገበያውን የሚያውቀው በተራው ነው። በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ ነጠላና ጋቢ የፈለገ ሸማ ተራ፤ ያረጀ ብረትና ባዶ በርሜል የፈለገ ምናለሽ ተራ፤ የመኪና መለዋወጫ የፈለገ ሶማሌ ተራ። ገበያው አንድ ነው፣ ስሙም አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ተራ በሌላው ውስጥ አይጠፋም። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሽስቶች ከተማይቱን በዘር ሊከፍሏት ባወጡት ዕቅድ በአራዳ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው «የተወላጆች ገበያ» አሉት። እነርሱ ለመለየት የሠሩትን ሕዝቡ መሰብሰቢያ አደረገው። ዛሬ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው በየተራው ሠርቶ የሚያድርበት ገበያ ሆኗል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ልጽፍላችሁ ተነሥቼ ከመርካቶ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ፣ የዝማሬ ካሴቱም ኪቦርዱም በየቤቱና በየአጥቢያው የደረሰው በአብዛኛው በዚሁ ገበያ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ የምናየው ጉዳይ የተራ ጉዳይ ነው። ብዙ ልዩ ልዩ ድምፅ በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደ ገባ፣ ከሳጥኑ ሲወጣስ ተደባልቆ ይወጣል ወይስ በየተራው የሚለው ነገር ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ አምልኮ ስትገቡ መድረኩን አስተውሉ። በብዙ አጥቢያዎች ከዘማሪዎቹ በስተግራ ወይም በስተቀኝ አንድ ወጣት ከኪቦርድ ኋላ ተቀምጧል። ድራም ይሰማል፣ ድራመር ግን የለም። ቤዝ ጊታር ይሰማል፣ ቤዝ ተጫዋች የለም። ቫዮሊኑ በኅብረት ይፈስሳል፣ ጥሩምባው ይመልሳል፤ ሁሉም ከዚያ ከአንዱ ወጣት ጣቶች ሥር ነው የሚወጣው። ለእናንተ ይህ ልማድ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኛችሁት። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ? ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ መስሎ ከታያችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው

1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15ን አንብቡት። ዳዊት ታቦቱን ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመጣ መዘምራኑን በስም ደልድሎ አቆመ። ኤማን፣ አሳፍና ኤታን የናስ ጸናጽል ይመታሉ። ስምንት ሰዎች በአንድ ዓይነት ባለ ክር መሣሪያ፣ ስድስት ሰዎች ደግሞ በሌላ ዓይነት ባለ ክር መሣሪያ ተመድበዋል። ክናንያ አዋቂ ስለ ነበረ ዜማውን ይመራል። ብዙ አንባቢ ይህን የስም ዝርዝር ዘልሎት ያልፋል፤ እኔ ግን አሁን ላለንበት ዘመን የተጻፈ ይመስለኛል። ጸሐፊው «ብዙ ሙዚቃ ነበረ» ብሎ ማለፍ ሲችል፣ ማን በየትኛው ድምፅ እንዳገለገለ ለይቶ ጻፈልን። እንግዲህ ሦስት፣ ስምንትና ስድስት ሲደመሩ አሥራ ሰባት ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችንም ዘመናዊው ሙዚቃ የገባው በዚሁ ሥርዓት ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መሣሪያ ይዞ ነው የተሰለፈው። ከዚያ በኋላ የመጡት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎችም እንዲሁ ነበሩ። ሃያ ዓይነት ድምፅ ከተፈለገ ቢያንስ ሃያ ሰው መመገብ፣ ማልበስና ማሠልጠን ግድ ነበር።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1960ዎቹ የተነሡት የወጣት መዘምራን አኮርዲዮንንና ጊታርን ወደዱ። አኮርዲዮን ለምን እንደ ተወደደ አስተውሉ። ቀኝ እጅ በቁልፎቹ ላይ ዜማውን ይጫወታል፤ ግራ እጅ በአዝራሮቹ ቤዙንና አጃቢውን ድምፅ ይሰጣል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንድ አገልጋይ በትከሻው ተሸክሞት ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይዞት ይሄዳል፤ መብራት አይፈልግም። ዛሬ ለምናየው ሳጥን የመጀመሪያው ዘመድ እርሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

በዚያው ዘመን ድምፅን የመቅዳት ሥራም ወደ እኛ ቀረበ። ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሬድዮ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ከዚያም አብያተ ክርስቲያናት መዘጋት ጀመሩ፤ አማኞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ። በዚያ ዘመን ዝማሬን ከከተማ ወደ ከተማ ያደረሰው ካሴት ነው። ካሴት በኪስ ይገባል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ በሌላ ካሴት ላይም ይገለበጣል።

ነገር ግን በአንድ ክፍል በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ካሴት አንድ ችግር አለው። በርበሬና ነጠላ በአንድ ጆንያ አጭቆ የጫነ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ነጠላው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ አራግፈውም አይለቅም። እንደዚሁ ጊታሩ ከዘማሪው ድምፅ በልጦ ከተቀዳ በልጦ ይኖራል። የተደባለቀ ድምፅ ተመልሶ በቀላሉ አይለይም። ይህን ነጥብ አትርሱት፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው።

አሥራ ስድስቱ ተራዎች

ሲንተሳይዘር የሚባለው መሣሪያ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ የመጀመሪያውን ሥራውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ በ1970 የወጣው ትንሹ ሚኒሙግ በየመድረኩ ታወቀ። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለት ቁልፍ ብትጫኑ አንዱ ብቻ ይሰማል። በ1978 ፕሮፌት 5 የተባለው መሣሪያ አምስት ድምፅ በአንድ ጊዜ አሰማ፤ በ1983 የወጣው የያማሃው ዲኤክስ 7 ደግሞ አሥራ ስድስት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አሥራ ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ መስጠት ማለት አሥራ ስድስት መሣሪያ መሆን ማለት አይደለም። ዲኤክስ 7 ፒያኖ ከሆነ አሥራ ስድስቱም ድምፅ ፒያኖ ነው፤ አንድ ዓይነት ጫማ ብቻ በአሥራ ስድስት ጥንድ የደረደረ ሱቅ ማለት ነው። የተፈለገው ግን አንዱ መደርደሪያ ጫማ፣ አንዱ ባርኔጣ፣ አንዱ ቀበቶ የሚይዝበት ሱቅ ነበር። በአንድ መሣሪያ ውስጥ ቤዙ ቤዝ፣ ቫዮሊኑ ቫዮሊን፣ ድራሙም ድራም ሆኖ በአንድ ጊዜ መሥራቱን ባለሙያዎቹ መልቲቲምብራል ይሉታል። ባለ ብዙ ቀለም ድምፅ እንደ ማለት ነው።

ለዚህ መንገዱን የጠረገው በ1983 የተጀመረው ሚዲ ነው። በጥር ወር በአሜሪካ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያያዙና አንዱ ሲነካ ሌላው ዘመረ። ዴቭ ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊና ኢኩታሮ ካኬሃሺ የተባለው ጃፓናዊ፣ በገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች ሳሉ፣ አንድ ቋንቋ እንዲኖር ተስማምተው ስለ ደከሙ በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተሰጣቸው።

በሚዲ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደ ተነካና የትኛው መሣሪያ ሊሰማው እንደሚገባ የሚናገር መልእክት ነው። ይህ የመጨረሻው ክፍል ቻናል ይባላል። በአንድ ገመድ ውስጥ አሥራ ስድስት ቻናሎች አሉ። በቻናል 1 የተላከውን የቻናል 1 መሣሪያ ብቻ ይሰማል፤ በቻናል 2 የተላከውን የቻናል 2 ብቻ። መርካቶ የገባ ጭነት «ይህ ለሸማ ተራ፣ ይህ ለበርበሬ ተራ» ተብሎ እንደሚደለደል ማለት ነው። አሥራ ስድስት ተራ በአንድ ገመድ! ከዳዊት አሥራ ሰባት ሰዎች በአንድ ብቻ ያንሳል።

በ1984 ሲክስ ትራክ የተባለው ኪቦርድ ስድስት ድምፆቹን ስድስት የተለያዩ መሣሪያዎች ማድረግ ቻለ። በ1988 ኮርግ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤም 1ን አወጣ። ኤም 1 ስምንት ዓይነት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፣ የራሱ ድራም አለው፣ ተጫዋቹ የነካውንም በስምንት መስመር መዝግቦ መልሶ ይጫወታል። ያኔ ነው ባንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳጥኑ የገባው።

የእኛ ሰዎች ከዚህ ሩቅ አልነበሩም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ዲሲ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠራ፣ የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ብቻውን ነው የቀዳው። ባንዱ በስደት ተበትኖ ነበር። መሣሪያው የተበተኑትን ሰዎች ቦታ ሸፈነለት። በሥራው ውበት ብንደሰትም ከውበቱ በስተጀርባ ያለውን ብቸኝነት አንርሳ።

በሩ ሲከፈት

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። የተዘጉት አብያተ ክርስቲያናት ተከፈቱ፣ በየቤቱ የተደበቀው ዝማሬ ወደ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካዎች ጄኔራል ሚዲ በተባለ ስምምነት ላይ ደረሱ። በስምምነቱ መሠረት አንድ መሣሪያ ይህን ስም ለመያዝ ቢያንስ ሃያ አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ መስጠት፣ በአሥራ ስድስቱም ቻናሎች መሥራትና 128 መሣሪያዎችን በተወሰነ ተራ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ቻናል 10 ምንጊዜም የድራም ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ዓመት ላይ መግጠማቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው። ውጤቱ ግን በዝማሬያችን ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል። ነፃነት መጣ፣ መዘምራን በየአጥቢያው ተቋቋሙ፣ መሣሪያ ተፈለገ፤ አንድ ሳጥንም ባንድ ሆኖ ቀረበ።

ትርፉን በቅንነት እንቁጠር። ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታርና አምፕሊፋየር መግዛት የማትችል አጥቢያ አንድ የያማሃ ፒኤስአር ገዝታ ማምለክ ቻለች። በእነዚህ ኪቦርዶች ላይ ግራ እጅ ኮርድ ሲይዝ መሣሪያው ራሱ ድራሙን፣ ቤዙንና አጃቢውን ከፋፍሎ ይጫወታል። ባንድ መቅጠር የማይችል ዘማሪ ከአንድ አቀናባሪ ጋር ተቀምጦ ካሴት አወጣ። በገንዘብ ማጣት ሳይሰማ ሊቀር የነበረ ብዙ መዝሙር በዚህ መንገድ ተሰማ። ይህን የሚንቅ ሰው የዚያን ዘመን አገልጋዮች ችግር ያላየ ነው።

ኪሳራውም አለ። አንደኛው፣ ከ128ቱ መሣሪያዎች መካከል የህንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶ፣ የስኮትላንዱ ባግፓይፕና ከአፍሪካም ካሊምባ አሉ። መሲንቆ ግን የለም፤ ክራር፣ በገናና ዋሽንትም የሉም፤ በቻናል 10 ከተደረደሩት ከበሮዎች ውስጥም የእኛ ከበሮ የለም። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች በክፋት አላደረጉትም፤ አላወቁንም። ስለዚህ ተጫዋቹ ለመሲንቆ የሚቀርበውን የቫዮሊን ዘር ፈልጎ ያስጠጋ ነበር፤ ጆሯችንም ማስጠጋቱን ለመደ።

ሁለተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል ይከፍለዋል። መሲንቆ ግን ቁልፍ የለውም፤ ጣት በጭራው ላይ ተንሸራትቶ ዜማው በሚፈልግበት ቦታ ያርፋል። በተለይ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ያለው ያ ልዩ ስሜት በእኩል ክፍፍል ይደርቃል። ኪቦርድ ላይ ድምፅን የሚያጎብጥ መንኮራኩር አለ፤ በሚዲ ሕግ ግን እርሱ የሚነካው ቻናሉን በሙሉ ነው። መሲንቆው ከኦርጋኑ ጋር በአንድ ቻናል ላይ ከሆነ መሲንቆውን ስታጎብጡ ኦርጋኑም አብሮ ይጎብጣል። የየራሳቸው ቻናል ሲኖራቸው ግን መሲንቆው ብቻውን ይንሸራተታል። አያችሁ? ለራሱ ተራ ያልተሰጠው ድምፅ እንደ ራሱ ሊናገር አይችልም።

ሦስተኛው ኪሳራ የሰው ነው። አሥራ ሁለት ወጣቶች ይይዙት የነበረውን አገልግሎት አንድ ወጣት ያዘው። ቤዝ ሊማር የሚችለው ልጅ «ኪቦርዱ ይጫወተዋል» ተባለና ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላሉ። ለኪቦርዲስቱ ሸክም ሆነበት፤ ለሌሎቹም ጌጣቸው ተወሰደባቸው።

አንድ በር ወይስ ብዙ በር

አሁን ወደ መውጫው እንምጣ። አንድ ኪቦርድ በውስጡ ስምንትም አሥራ ስድስትም ተራ ቢኖረው ድምፁ የሚወጣው በገመድ ነው። አብዛኞቹ ኪቦርዶች ሁለት መውጫ ብቻ ነው ያላቸው፤ ቀኝና ግራ። በውስጥ ተለይቶ የተደረደረው ዕቃ ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ተመልሶ በአንድ ጆንያ ይታጨቃል።

የሳውንድ አገልጋይ የሆናችሁ ወጣቶች ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው «ከበሮው በዛ፣ ዘማሪው አልተሰማም» ይላሉ። እጃችሁን ወደ ሚክሰሩ ትዘረጋላችሁ። ሚክሰሩ ላይ ያለው ግን «ኪቦርድ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። እርሱን ብትቀንሱ ከበሮው ብቻ ሳይሆን ቤዙም፣ ቫዮሊኑም፣ ዘማሪው የሚደገፍበት ኮርድም ይቀንሳል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የበሩ ነው።

መሐንዲሶቹ ይህን ቀድመው አስተውለውታል። በ1980 የወጣው ሊን ኤልኤም 1 የተባለው የከበሮ ማሽን ለየከበሮው የተለየ መውጫ ነበረው። ኤም 1ም ከሁለት ይልቅ አራት መውጫ ስለ ነበረው ድራሙን በአንዱ፣ ቤዙን በሌላው ለብቻ ማውጣት ይቻል ነበር። ግን እያንዳንዱ መውጫ ተጨማሪ ዕቃ፣ ተጨማሪ ገመድና ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ርካሹን ኪቦርድ የገዛ ሰው ብዙ በር አይሰጠውም።

ይህን የለወጠው ኮምፒዩተር ነው። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን ሥርዓት አወጣ፤ በ1999 በተሻሻለው ሁለተኛው ቪኤስቲ ደግሞ ሙሉ ሲንተሳይዘር ሶፍትዌር ሆኖ በኮምፒዩተር ውስጥ መጫወት ቻለ። በ2002 እንደ ወጣው ኮንታክት ያሉ ሶፍትዌሮች ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ መስኮት ጭነው ለእያንዳንዱ የራሱን ቻናልና የራሱን መውጫ ይሰጣሉ። ቤዙ በቻናል 1 ይገባል፣ በመውጫ 1 ይወጣል፤ ከበሮው በቻናል 10 ይገባል፣ በራሱ መውጫ ይወጣል። በሶፍትዌሩ ሚክሰር ላይ እያንዳንዱ የራሱ መቀነሻ፣ የራሱ ኢኮላይዘር፣ የራሱ ሪቨርብ ይኖረዋል። ከዚህም በላይ በሶፍትዌር ውስጥ 128 የሚል ገደብ የለም፤ የመሲንቆን፣ የክራርንና የከበሮን ትክክለኛ ድምፅ ቀድቶ እንደ መሣሪያ መጫን ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ሶፍትዌሩ ውስጥ አሥራ ስድስት መውጫ ስላለ ብቻ በአዳራሹ ሚክሰር ላይ አሥራ ስድስት መስመር አይደርስም። ከኮምፒዩተሩ ድምፁን የሚያወጣው ዕቃ፣ ማለትም የድምፅ ካርዱ ወይም ኢንተርፌሱ፣ ሁለት መውጫ ብቻ ካለው ሁሉም እዚያ ላይ ተመልሶ ይደባለቃል። ስምንት መውጫ ያለው ከሆነ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ኮርዱንና የቀረውን ለየብቻ ልትልኩ ትችላላችሁ። መርካቶ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ከኪቦርዱ ቁልፍ ብዛትና ከመብራቱ ድምቀት በፊት ጀርባውን አዙራችሁ ተመልከቱ። ስንት መውጫ አለው? ምን ተብለው ተጽፈዋል?

ለይቶ ማውጣት ለምን ይጠቅማል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 14 ቁጥር 7 ላይ ነፍስ የሌላቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። ድምፃቸው ተለይቶ ካልተሰማ የሚጫወቱትን ማን ያውቀዋል ብሎ ይጠይቃል። የሚናገረው ስለ ልሳን ነው፤ ምሳሌው ግን የሠራው ሙዚቃ ምን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ድምፅ ካልተለየ መልእክት የለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 12 ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች አስተምሯል። አንድነት ማለት መደባለቅ እንዳልሆነ ሁለቱ ምዕራፎች አብረው ያስረዳሉ። ዓይን በጆሮ ውስጥ ቀልጦ አካል አይሆንም። ቤዝም በከበሮ ውስጥ ሰጥሞ ዝማሬ አይሆንም።

ስለዚህ ብዙ መውጫ ያለው ሶፍትዌር ዋና ጥቅሙ የድምፅ ጥራት አይመስለኝም። ዋናው ጥቅም አንድን መስመር ለይቶ መዝጋት መቻሉ ነው። በሁለት መውጫ በተደባለቀ ሥራ ላይ ቤዙን ብቻ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቤዝ መጫወት የተማረ ልጅ ቢመጣም ቦታው ተይዟል። በየተራው በተለየ ሥራ ላይ ግን ቻናል 1ን ትዘጉና «ወንድሜ፣ ና፣ ይህ ያንተ ነው» ትላላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከበሮውን ትዘጋላችሁ፤ አንዲት እህት ከበሮ ታነሣለች። በሌላው ወር የቫዮሊኑ መስመር ይዘጋና መሲንቆ ይገባል። ማሽኑ የሰውን ቦታ የወሰደበት ያው መንገድ ሰው የሚመለስበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

«አሁን ሁሉም ነገር በማሽን አምሮ እየተጫወተ ያልሠለጠነ ልጅ ለምን እናስገባለን?» የሚል ይኖራል። አባባሉ ክብደት አለው፤ በጉባኤ ፊት የሚቀርብ አገልግሎት መበላሸት የለበትም። ነገር ግን 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25ን ደግሞ እዩ። 288 የሠለጠኑ መዘምራን በሃያ አራት ምድብ፣ በየምድቡ አሥራ ሁለት ሆነው ተመድበዋል፤ ዕጣ የጣሉትም ታናሹ ከታላቁ፣ መምህሩም ከደቀ መዝሙሩ ጋር እኩል ሆነው ነው። በዚያ ሥርዓት ደቀ መዝሙር ወንበር ላይ ተቀምጦ አልቀረም፤ ተራ ተሰጠው። በእኛ ዘመንም መማሪያ አልጠፋም። በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በወንጌላውያን በኩል ደግሞ የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተጫዋቾችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። እነዚያን መግባት ላልቻለ ደግሞ ማሽኑ ራሱ የልምምድ ጓደኛ ይሆናል። ቤዝ የሚማር ልጅ ቤዙ የተዘጋበትን መዝሙር ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ሆኖ አብሮት ይጫወታል፤ እሑድ ሲደርስ እጁ ያውቀዋል።

ኪቦርዲስቶችንም አልረሳኋችሁም። ብዙዎቻችሁ ለዓመታት ያለ ተተኪ አገልግላችኋል። ብትታመሙ አምልኮው ይቆማል፣ ሥራ ቢበዛባችሁም ማንም አይተካችሁም። አሥራ ስድስቱን ተራ ብቻውን የሚይዝ ነጋዴ ይከብራል እንጂ አያርፍም። ከእናንተ አንድ መስመር ሲወሰድ ሹመት እንደ ተቀነሰባችሁ አትቁጠሩት፤ ሸክም ነው የቀለለላችሁ።

እንግዲህ በዚህ ሩብ ዓመት ልትሞክሩት የምትችሉትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመዘምራኑ ሥራ በኮምፒዩተር ካለ አቀናባሪውን አነጋግሩና መስመሮቹን በየብቻቸው እንዲያወጣላችሁ ለምኑት። ከዚያ በየመስመሩ ፊት በወረቀት ላይ የሰው ስም ጻፉ፤ ሰው ያልተገኘለትን ባዶ ተዉት። ማሽኑ ባዶዎቹን ይሙላ እንጂ ስም ያላቸውን አይንካ። በመጀመሪያው ወር ምናልባት አንድ ስም ብቻ ይኖራል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ስምን በየመሣሪያው ለይቶ ጽፏል፤ እናንተም ወረቀታችሁን ከሚክሰሩ አጠገብ ለጥፉት፤ በየወሩም ስንት ስም እንደ ተጨመረ ቁጠሩ።